የዓሣ እንቁላል ማንከባለያ ምንድን ነው?

ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ ስትቀመጥ ዝም ብላ አትቀመጥም፤ በቀን ብዙ ጊዜ ታገላብጠዋለች። የማላዊ ሐይቅ ሲክሊዶች የሚባሉት ዓሣዎች ደግሞ የሚታቀፉት በአፋቸው ነው። እናቲቱ እንቁላሎቹን ለቅማ አፏ ውስጥ ካስገባች በኋላ ጉሮሮዋ ሥር ያለው ቆዳ ይነፋል፣ መንጋጋዋም አንዳች ነገር የምታኝክ ይመስል ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። እያንከባለለቻቸው ነው። ማንከባለያ የሚባለው ዕቃ ይህንኑ የመንጋጋ ሥራ ከሥር ወደ ላይ በሚወጣ ውሃ የሚተካ ነው። የኛው ቆሮሶም በአፏ ስለምትታቀፍ፣ ዘዴው ለእሷም ይሠራል።

እንደ ኤንጅልፊሽ ያሉት እንቁላላቸውን ቅጠል ወይም መስታወት ላይ ይለጥፉና በክንፋቸው ያራግቡለታል። የአፍ ታቃፊዎች እንቁላል አይለጠፍም። አስኳሉ ትልቅና ከባድ ስለሆነ ብርጭቆ ውስጥ ቢቀመጥ ታች ይከማቻል። ከሥር ያለው ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል፣ የሞተው ነጭ ሻጋታ ያበቅላል፣ ሻጋታው ጤነኛውን ይይዛል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። በ26 ዲግሪ ሙቀት፣ ባሕር ጠለል ላይ ያለ ውሃ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ የሚይዘው 6 ገደማ ብቻ ነው።

እናቲቱ በደንብ የምትይዝ ከሆነች ግን ተዋት። ከማንኛውም ፕላስቲክ እሷ ትበልጣለች። ማንከባለያ የሚያስፈልገው እንቁላሏን ደጋግማ የምትውጥ፣ ሌሎች ዓሣዎች የሚያሳድዷት ወይም ጾሙን የማትችል የከሳች እናት ስትኖር ነው። በአፏ እስከያዘች ድረስ ሦስት ሳምንት ያህል ምግብ እንደማትቀምስ አትርሱ።

ለመሥራት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ 20 ሳንቲሜትር ያህል ባለ 16 ሚሊሜትር የኤሌክትሪክ ኮንዱይት (ሽቦ የሚያልፍበት የፕላስቲክ ቱቦ)፣ የአየር ፓምፕ ከነቱቦው እና ትንሽ የቬሎ ጨርቅ (ቱል) ይበቃል። ጨርቁ ቀዳዳው 1 ሚሊሜትር አካባቢ ይሁን። እጅ ላይ የሚገኘው አጎበር ነው ብላችሁ እንዳትቆርጡት፤ ለወባ መከላከያ የሚታደለው አጎበር የተነከረበት ፀረ ነፍሳት ዓሣ ይገድላል።

የሃይላንዱ ክዳን በጋለ ሚስማር ሰባት ስምንት ቦታ ይበሳና፣ ጨርቁ በክዳኑና በአፉ መካከል ገብቶ ይጠበቃል። መቀመጫው መሃል ላይ ኮንዱይቱ ልክክ ብሎ የሚገባበት ቀዳዳ ይወጣል። ኮንዱይቱም ታችኛው ጫፉ በጨርቅ ተሸፍኖ ይገባና ዙሪያው ፀረ ሻጋታ ባልተጨመረበት ሲሊኮን ይታሸጋል፤ ቢያንስ 24 ሰዓት ይድረቅ። ከመቀመጫው 2 ሳንቲሜትር ወደ ውጭ ርቆ ኮንዱይቱ ጎን ላይ የአየር ቱቦው የሚገባበት ቀዳዳ ይበሳል። ከዚያ ሃይላንዱ በአፉ ተዘቅዝቆ፣ ውስጡ ያለው አየር ሁሉ ወጥቶ፣ አኳሪየሙ ውስጥ ይሰቀላል። የኮንዱይቱ የላይኛው ጫፍ ከውሃው ገጽ ጋር እኩል ይሁን።

አየሩ ኮንዱይቱ ውስጥ ሲወጣ ውሃውን ይዞ ይወጣል። በምትኩ አዲስ ውሃ በክዳኑ ቀዳዳዎች ይገባና አንገቱ ላይ ያረፉትን እንቁላሎች ከሥር ያነሳቸዋል። ሃይላንዱ የሚዘቀዘቀውም ለዚህ ነው፦ አንገቱ እንደ ማንቆርቆሪያ ስለሚጠብ እንቁላል የሚደበቅበት ጥግ አይኖርም። አረፋ በቀጥታ እንቁላሉ ላይ መልቀቅ ግን ክልክል ነው፤ ይደበድበዋል።

ዋናው ጥበብ አየሩን መመጠን ላይ ነው። እንቁላሎቹ 1 ወይም 2 ሳንቲሜትር ተነስተው ተገላብጠው መመለስ አለባቸው። እንደሚፈላ ሽሮ ከተንተከተኩ በዝቷል፣ ጫፍና ጫፉ ብቻ ከተነቃነቀ አንሷል። የአየር መቆጣጠሪያ ከጠፋ፣ የጉሉኮስ ቱቦ ላይ ያለችው ተሽከርካሪ መቆንጠጫ ከብዙ የሱቅ ቫልቭ ይልቅ በጥቂት በጥቂቱ ትመጥናለች።

እናቲቱን ለማስተፋት እጅና መረብ ይርጠቡ። ጭንቅላቷ ወደ ታች ሆኖ፣ ከራሷ አኳሪየም በተቀዳ ውሃ ውስጥ፣ ጫፉ በደነዘዘ የጥርስ እንጨት ታችኛው መንጋጋዋ በቀስታ ይከፈታል። ከአንድ ደቂቃ በላይ አትያዝ። መቸኮል ከሌለ እንቁላሏን ከጣለች 10 እስከ 14 ቀን ድረስ ቆይቶ ማስተፋት ይመረጣል፤ ጅራት ያወጣ ጫጩት ከጥሬ እንቁላል ይልቅ ጠንካራ ነው።

በ26 ዲግሪ ገደማ የማላዊ ሲክሊዶች እንቁላል በ5ኛው ወይም በ6ኛው ቀን ይፈለፈላል። ያን ቀን የቅርፊቱ ስብርባሪ የላይኛውን ጨርቅ ይደፍነዋል፤ ፓምፑ እየሠራ ጫጩቶቹ ከቆሙ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ታጥቦ ሲመለስ አየሩ በግማሽ ይቀነስ። አስኳሉ እስኪያልቅ፣ ማለትም እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ፣ ምንም ምግብ አይሰጥም፤ ቢሰጥ የሚበላው ሻጋታው ነው። ከዚያ በኋላ በጣት የደቀቀ የተለመደው ምግብ ይበቃቸዋል።

የነጣ እንቁላል ሞቷልና በዚያው ቀን ጫፉ በሰፊው በተቆረጠ ስሪንጅ ይወጣል። ሜቲሊን ብሉ የሚባለው ሰማያዊ መድኃኒት ሻጋታን ይከላከላል፦ 1 በመቶ ከሆነው ብጥብጥ 1 ሚሊሊትር ለ4 ሊትር። ማንከባለያው ዋናው አኳሪየም ውስጥ ከተሰቀለ ግን አይጨመርም፤ የማጣሪያውን ጠቃሚ ባክቴሪያ ይጨርሳል፣ ሲሊኮኑንም ሰማያዊ አድርጎ ይተወዋል።

መብራት ሲጠፋ እንቁላሎቹ አንገቱ ላይ ይከመራሉ። ቶሎ የማይመለስ ከሆነ ክዳኑ ተከፍቶ ከነውሃው ጠፍጣፋ ሳህን ላይ አንዱ ባንዱ ላይ ሳይደረብ ይሰጡ፤ ሳህኑም በየ10 ወይም 15 ደቂቃው እንደ ሰፌድ በቀስታ ወዲህ ወዲያ ይባል። በፓወር ባንክ የሚሠራ ባለ ዩኤስቢ የአየር ፓምፕ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ይድናል።