ሻቡ-ሻቡ፦ ገበታ ላይ የሚበስለው የጃፓን ምግብ

ጃፓኖች ናቤ የሚሉት፣ ከእሳት ሳይወርድ ተከብቦ የሚበላው የድስት ምግብ ብዙ ዓይነት አለው። ለእንግዳ ይበልጥ የሚታወቁት ሱኪያኪ እና ሻቡ-ሻቡ ናቸው። ሱኪያኪ በሶያ ሶስና በስኳር የሚሠራ ጠንካራ ጣዕም ያለው ምግብ ሲሆን፣ ሥጋው በተመታ ጥሬ እንቁላል እየተነከረ ይበላል፤ ሻቡ-ሻቡ ግን ውሃ ከሚመስል ቀጭን መረቅ ተነሥቶ ተመጋቢው ራሱ እያበሰለ የሚያጣፍጠው ነው።

ሁለቱም ዛሬ በበሬ ሥጋ ቢታወቁም፣ ንጉሠ ነገሥት ቴንሙ እ.ኤ.አ. በ675 በእርሻ ወራት የከብትና የሌሎች እንስሳትን ሥጋ መብላት በዐዋጅ ከከለከሉ ወዲህ፣ በቡድሂዝም ተጽዕኖም ጭምር፣ የበሬ ሥጋ በጃፓን ለብዙ ምእት ዓመታት ሲነወር ኖሯል። ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ በ1872 መብላታቸው በይፋ ከታወቀ በኋላ ግን ልማዱ ተቀየረ። ሻቡ-ሻቡ ከዚህም በኋላ የመጣ ነው። መነሻው የቤይጂንግ የበግ ሥጋ ድስት ሲሆን፣ የአሁኑን ስም ያገኘው በ1952 በኦሳካው ስዌሂሮ ምግብ ቤት ነው።

በገበታው መካከል ባለው ምድጃ ላይ ኮምቡ የተባለ ደረቅ የባሕር አረም የተዘፈዘፈበት ድስት ይጣዳል፤ ውሃው ሊፈላ ሲል ኮምቡው ይወጣል፣ ካልሆነ መረቁን መራራ ያደርገዋል። ሥጋው ወረቀት ያህል ሳስቶ የተቆረጠ ስለሆነ ብዙ እሳት አይሻም። አንዱን ቁራጭ ቾፕስቲክ በሚባሉት ሁለት የመመገቢያ ዘንጎች ይዞ በመረቁ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ማንሸራሸር፣ ቅላቱ ወደ ሮዝ ቀለም ሲያደላ ማውጣት ነው፤ ሥጋውን በአንድ ጊዜ ድስቱ ውስጥ መገልበጥ ግን ያደርቀዋል፣ መረቁንም ያቀዘቅዘዋል። የበሰለው ወይ በሰሊጥ ሶስ፣ ወይ ከሶያ ሶስና ከኮምጣጣ ፍሬ ጭማቂ በሚሠራው ፖንዙ እየተነከረ ይበላል። ፖንዙ ቅባቱን ስለሚቆርጥ ለሰባ ሥጋ ይመረጣል። የቻይና ጎመኑ፣ ባሮ ሽንኩርቱ፣ እንጉዳዩና ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ ግን ቆይተው የሚበስሉ በመሆናቸው ድስቱ ውስጥ ይተዋሉ። ከሥጋው የሚወጣውን ግራጫ አረፋ ለዚሁ በቀረበው ማንኪያ ቶሎ ቶሎ መግፈፍ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጀማሪ ችላ ቢለውም፣ የመረቁ ንጽሕና የሚጠበቀው በዚህ ነው።

ጥሬ ሥጋ የሚነሣበት ቾፕስቲክ ከሚበላበት ይለያል። በጥሬ ሥጋ ባህል ያደገ ኢትዮጵያዊ የበሬውን ለብ አድርጎ ለማውጣት ቢፈተንም፣ የአሳማው ግን ፈጽሞ መብሰል ይኖርበታል። የአሳማ ሥጋ በብዙ ቤቶች ከበሬው ጎን ለጎን ስለሚቀርብ፣ በሃይማኖቱ ምክንያት የማይበላ ሰው ምግብ ሲያዝዝ አስቀድሞ ቢናገር ይሻላል፤ አትክልቱም የሚበስለው በዚያው መረቅ ነውና። ለሁለት የተከፈለ ድስት፣ ወይም ለየሰው ትንሽ ድስት የሚያቀርቡ ቤቶች ለእንዲህ ያለው እንግዳ እጅግ ይመቻሉ።

የማዕዱ እውነተኛ ዋጋ ያለው ግን መጨረሻው ላይ ነው። ሥጋውና አትክልቱ ሲያልቅ መረቁ የሁሉንም ጣዕም ይዟል፤ ያን ጊዜ ኡዶን የተባለው ወፍራም የስንዴ ፓስታ ይጨመርበታል፣ ወይም ሩዝና እንቁላል ገብቶበት ዞሱይ የሚባል ገንፎ መሰል ምግብ ይሆናል። ስለዚህ በሥጋው ብቻ መጥገብ አይገባም። ታቤሆዳይ በሚባለው፣ በአንድ ዋጋ የፈለጉትን ያህል በሚበላበት ሥርዓት ደግሞ ሰዓቱ ብዙውን ጊዜ በ90 ወይም በ120 ደቂቃ ስለሚገደብና ትእዛዝ መቀበል ቀድሞ ስለሚቆም፣ ኡዶኑን ወይም ሩዙን ሥጋው ሳያልቅ ማዘዝ ያስፈልጋል።