1500 ኪሎ የሚጎትት መኪና 75 ብቻ ይሸከማል?

ከኮምቦልቻ ደሴ ቤተሰብ ይዞ ለሚወጣ ሰው፣ መኪናው ከኋላ ባለው የተሳቢ መጎተቻ ላይ የሚሰካ ዕቃ መጫኛ ደስ ይላል። ፖርቶ መጋላ ላይ መንጠላጠል ቀረ። ችግሩ ቁጥሩ ነው።

የመኪናው መመሪያ «1500 ኪሎ ይጎትታል» ይላል እንበል። ይሄ ለተሳቢ ነው። የተሳቢን ክብደት በአብዛኛው የሚሸከሙት የራሱ ጎማዎች ናቸው። መጫኛው ግን ጎማ የለውም። ክብደቱ በሙሉ መጎተቻው ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ታች ይጫናል። ስለዚህ እኛን የሚመለከተን ሌላ ቁጥር ነው፤ መጎተቻው ወደ ታች የሚችለው። በብዙ ትንንሽ መኪኖች ከ50 እስከ 100 ኪሎ ቢሆን ነው። አውሮፓ ሠራሽ መጎተቻ ላይ ካለችው ትንሽ ሰሌዳ «ኤስ» (S) የሚለውን ፊደል ፈልጉ፤ ቁጥሩ ከጎኑ ነው።

75 ነው እንበል። መጫኛው ራሱ 20 ኪሎ ቢመዝን እሱም ይቆጠራል (ይሄን ሁሉም ይረሳዋል)። ቀሪው 55። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከተጫነ በቃ፣ አለቀ። ባለ 20 ሊትር የውሃ ጀሪካኑ ቦታ የለውም።

ከዚያ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት፣ ሐረጎ አለ። ከኋላ ጎማ አልፎ የተንጠለጠለ ክብደት የመኪናውን ፊት ያነሳል። መሪው ይቀላል፣ የፊት መብራቱ ሽቅብ ያያል። ዳገት ላይ ደግሞ ይብሳል። ከባዱን ዕቃ ወደ መኪናው አስጠግታችሁ እሰሩ። ታርጋውና የኋላ መብራቱም እንዳይሸፈን።