ቻይናውያኑ ሠራተኞች እስረኞች አይደሉም

በቻይና ኩባንያዎች የመንገድ ግንባታ ካምፖች ውስጥ በአስተርጓሚነት ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሥራዬን የሰማ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያነሳብኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «እውነት እስረኞች ናቸው?» ታክሲ ውስጥ እጠየቃለሁ፣ ለቅሶ ቤት እጠየቃለሁ። የተማረውም ያልተማረውም ይጠይቀኛል። ሰልችቶኛል።

ወሬው የሰፈር ብቻ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደዚያው ናቸው) ህንዳዊው ተንታኝ ብራህማ ቼላኒ ቻይና ወንጀለኞቿን ለውጭ አገር ፕሮጀክቶች እየላከች ነው ብለው ጻፉ። የእንግሊዙ ጋርዲያን አወጣው፣ ሌሎችም ተቀባበሉት። በቻይናና በአፍሪካ ጉዳይ የታወቁት አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ዲቦራ ብራውቲጋም ይህን ወሬ ብዙ ጊዜ መርምረውታል። የሚያሳምን ማስረጃ አላገኙም።

ነገሩ ራሱ አያስኬድም። የቻይና የፓስፖርት ሕግ ቅጣቱን በመፈጸም ላይ ላለ እስረኛ ፓስፖርት አይሰጥም። ኩባንያውስ ምን ሊጠቀም ያመጣዋል? ቲኬት አለ፣ ቪዛ አለ፣ የሥራ ፈቃድ አለ፣ ምግብና መኝታ አለ። አካፋ ለመያዝማ እዚሁ በአነስተኛ ክፍያ የሚሠራ ወጣት ሞልቷል። ከዚያ የሚመጡት ኦፕሬተር፣ በያጅ፣ ሰርቬየርና ፎርማን ናቸው።

«ታዲያ ለምን ሌሊት ይሠራሉ? ለምን በአጥር ውስጥ ይኖራሉ?» ይሉኛል። ሌሊት የሚሠሩት ፕሮጀክቱ ሲዘገይ ኩባንያው ስለሚቀጣ ነው። ሠራተኛውም የመጣው ገንዘብ ለመያዝ ስለሆነ ትርፍ ሰዓቱን ይፈልገዋል። አጥሩ ነዳጅና ዕቃ እንዳይሰረቅ ነው። ለሕይወታቸውም ነው። በ2007 በሶማሌ ክልል አቦሌ በነዳጅ ፍለጋ ካምፕ ላይ በተፈጸመው ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል።

አብሮኝ የሠራ ከሄናን ግዛት የመጣ አንድ በያጅ ነበር። ቀን ቀን ቃል አይወጣውም። የቀን ሠራተኞቻችን «ይሄ ሰው ገድሎ ነው» ይሉ ነበር። ማታ ማታ ግን ኔትወርክ የሚይዝበት ጥግ ሄዶ ከልጁ ጋር በዊቻት (በቻይናውያን የስልክ መልእክት መላላኪያ) ያወራል። የመጣው ለኤጀንሲ ከፍሎ ነው። ደመወዙ አብዛኛው እዚያው አገሩ ባንክ ይገባል፣ እዚህ የሚደርሰው የኪስ ገንዘብ ነው። ከተማ ወጥቶ የማይዝናናው ለዚህ ነው። ውሉን ሳይጨርስ ከሄደ ያስያዘው ገንዘብ ይቀርበታል። ፓስፖርቱ ደግሞ ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበታል።

ይህን ታሪክ እኛ አናውቀውም? ቤይሩትና ሪያድ የሄዱት እህቶቻችን የደረሰባቸው ነው። ደላላ፣ ዕዳ፣ የተያዘ ፓስፖርት። የእስረኛው ወሬ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። እውነተኛውን በደል ይሸፍነዋል። አንድ ሰው እስረኛ ነው ከተባለ «ደመወዙ ተከፍሎታል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅለት የለም። በአሜሪካ ሥር ባለችው ሳይፓን ደሴት ካዚኖ ሲገነቡ የነበሩ ቻይናውያንን ተመልከቱ። ብዙዎቹ ለደላላ ከፍለው፣ እንደ ቱሪስት ገብተው፣ ደመወዛቸውን ተከልክለው ነበር። በ2017 ሰልፍ ወጡ፣ ጋዜጠኞችም አነጋገሯቸው። በ2018 የቻይና ተቋራጮቹ ወደ 14 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለሠራተኞች እንዲከፍሉ ተስማሙ።

ሌሎቹን ወሬዎች በአጭሩ ልመልስ። «ቻይና ሠራተኛውን ሁሉ ይዛ ትመጣለች» የሚለው ስህተት ነው። አማካሪ ድርጅቱ ማኪንዚ በ2017 በስምንት የአፍሪካ አገሮች ከ1,000 በላይ የቻይና ድርጅቶችን አይቶ ከሠራተኞቹ 89 በመቶው አፍሪካውያን መሆናቸውን አግኝቷል። መጮህ ካለብን በአለቆቹ ላይ ነው፤ ከሥራ አስኪያጆቹ መካከል የአገሬው ሰው 44 በመቶ ብቻ ነበር። «ሊሰፍሩ ነው የመጡት» ለሚለው ደግሞ፣ የኮንትራት ሠራተኛ ውሉ ሲያልቅ ይሄዳል። በ2015 በአፍሪካ 263,000 ገደማ የነበሩት ቻይናውያን ሠራተኞች በ2022 ወደ 88,000 ወርደዋል። «የታዘዙትን ብቻ ይሠራሉ፣ አይናገሩም» ይባላል። በ2010 እዚያው ቻይና ፎሻን ከተማ የሆንዳ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ደመወዝ አስጨምረዋል፤ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣቶች ነበሩ። ውሻ ጨረሱ ለምትሉኝ፣ እኔ በሠራሁባቸው ካምፖች ውሾቹ በር ይጠብቁ ነበር።

የውጭ ጋዜጦች ስለ እነዚህ ሰዎች ሲጽፉ ብዙ ጊዜ ፎቶው ቢጫ ሄልሜት ነው፣ ቃሉ የኤምባሲ ወይም የኩባንያ ነው። የቻይና መንግሥት ሚዲያም ቢሆን የወዳጅነት ጀግና ያደርጋቸውና ስለ ደላላው ብዙም አይተነፍስም። ሠራተኛውን ራሱን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ጋዜጠኛ የሆናችሁ፣ የራሳችሁን አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ። የኩባንያውን አስተርጓሚ አትመኑ፤ እኔም በዚያ ቦታ ስቀመጥ ደመወዜን የሚከፍለኝ አለቃው ነበር። ከእራት በኋላ፣ አለቃው በሌለበት ጠይቁ። ለኤጀንሲ ስንት ከፈልክ? ደመወዝህ የሚገባው የት ነው? ፓስፖርትህ ማን ጋ ነው? ስሙን አታውጡ፤ ኤጀንሲው አገሩ ያለውን ቤተሰቡን ያውቃል። አጠገቡ የሚሠራውን ኢትዮጵያዊም የትርፍ ሰዓቱ ተከፍሎት እንደሆነ ጠይቁት።