በካሊፎርኒያ የሎቢስት ምዝገባና የወጪ ዘገባ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሎቢስት ሆነን ሳንመዘገብ ከሄድን እንቀጣለን» ብለው ወደ ስቴቱ ዋና ከተማ ሳክራሜንቶ ወርደው ሕግ አውጪ ማነጋገር የሚፈሩ የኮሚኒቲ ማኅበራት አሉ። በወር ሺህ ዶላሮች ለአማካሪ እየከፈሉ «እኛ ሎቢ አናደርግም»፣ ማለትም የመንግሥትን ውሳኔ ለማስለወጥ ባለሥልጣን አንወተውትም፣ የሚሉም አሉ። ሁለቱም ሕጉን ገልብጠው ነው የያዙት። የመጀመሪያዎቹ መብታቸውን በፍርሃት ይተዋሉ፤ ሁለተኞቹ ደግሞ አንድ ቀን የቅጣት ደብዳቤ ይደርሳቸዋል።

የሕጉ መሠረት በ1974 የካሊፎርኒያ መራጮች ፕሮፖዚሽን 9 በተባለ የሕዝብ ድምፅ ያጸደቁት የፖለቲካ ማሻሻያ ሕግ ነው። ፎርሞቹ የሚገቡት ምርጫንና የሕዝብ መዝገቦችን ለሚያስተዳድረው የስቴቱ ባለሥልጣን፣ ለሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ነው። ሕጉን የሚተረጉመውና የሚቀጣው በምኅጻረ ቃል ኤፍ.ፒ.ፒ.ሲ የሚባለው አምስት አባላት ያሉት የፍትሐዊ የፖለቲካ አሠራር ኮሚሽን ሲሆን፣ መዝገብና ሂሳብ የሚመረምረው የስቴቱ ግብር መሥሪያ ቤት ፍራንቻይዝ ታክስ ቦርድ ነው።

«ሕግ አውጪን ያነጋገረ ሁሉ ሎቢስት ነው»

አይደለም። ሎቢስት ለመባል መጀመሪያ ክፍያ መኖር አለበት። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሾፌሮች ጉዳይ ወይም ስለ ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የተወካያችሁን ቢሮ ያለ ክፍያ ብታነጋግሩ፣ አሥር ጊዜም ብትመላለሱ፣ መመዝገብ አይጠበቅባችሁም። ማኅበሩ ለአውቶቡስ ወይም ለነዳጅ ያወጣችሁትን ተገቢ የጉዞ ወጪ ቢመልስላችሁም ያ ብቻውን እንደ ክፍያ አይቆጠርም።

ክፍያ ሲኖር ሁለት መለኪያዎች ይመጣሉ። በኮንትራት የሚሠራ ሰው ባለሥልጣናትን በቀጥታ ለማነጋገር በአንድ የካሌንደር ወር 2,000 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ካገኘ ሎቢስት ነው። የማኅበሩ ደሞዝተኛ ከሆነ የሚታየው ጊዜው ነው፤ በአንድ ወር ከሚከፈልበት የሥራ ሰዓት አንድ ሦስተኛውን በቀጥታ ግንኙነት ካሳለፈ ይመዘገባል። በወር 160 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ይህ ወደ 53 ሰዓት ገደማ ነው። ቀጥታ ግንኙነት ሲባል በአካል ወይም በስልክ መነጋገር፣ መጻጻፍ፣ በኮሚቴ ፊት ምስክርነት መስጠትና ጥያቄ መመለስ ነው። ሠራተኛው ማኅበሩ ከቀጠረው የተመዘገበ ሎቢስት ጋር አብሮ ገብቶ የሚያደርገው ውይይት ግን በዚህ ሰዓት ውስጥ አይገባም። ብዙ ዳይሬክተሮች ይህን ባለማወቃቸው በከንቱ ይጨነቃሉ።

«የቀጠርነው አማካሪ ነው፣ ሎቢስት አይደለም»

ማዕረጉ ለውጥ አያመጣም። በኮሚሽኑ ደንብ መሠረት በወር 2,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የተከፈለው ሰው ገንዘቡ ለቀጥታ ግንኙነት እንደተከፈለ ይገመታል፤ አለመሆኑን በማስረጃ ማሳየት የተከፋዩ ፋንታ ነው። ስለዚህ «የስልት ምክር ብቻ ነው የሰጠሁት» የሚል አማካሪ የሰዓት መዝገብ ከሌለው መከራከሪያ የለውም።

መለኪያውን ያሟላ በ10 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ሎቢ ድርጅቱ፣ ማለትም ለደንበኞች በክፍያ የሚወተውተው ድርጅት፣ ፎርም 601 ይሞላል፤ ደንበኛው፣ ማለትም ማኅበራችሁ፣ ፎርም 602 ፈርሞ ውክልና ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ሎቢስት ደግሞ ፎርም 604 ከቅርብ ጊዜ ፎቶግራፍ ጋር ያቀርባል። በራሱ ደሞዝተኛ የሚሠራ ማኅበር በ601 ፋንታ 603 ነው የሚሞላው። ክፍያው ለአንድ ሎቢስት በዓመት 50 ዶላር ነው። እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚሠራ ስህተት አለ፦ ቀድሞ የተመዘገበ ድርጅት አዲስ ደንበኛ ሲይዝ ውክልናው መግባት ያለበት ለዚያ ደንበኛ የመጀመሪያውን ንግግር ከማድረጉ በፊት ነው። ስብሰባው ሰኞ ሆኖ ፎርሙ ሐሙስ ከገባ ጥሰቱ ተፈጽሟል።

«አንዴ ከቀጠርን ወረቀቱን ሎቢስቱ ይጨርሰዋል»

ማኅበራትን ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ይህ ነው። ሎቢ ድርጅቱ የራሱን ዘገባ በፎርም 625 ያቀርባል፤ ቀጣሪውም የራሱን በፎርም 635 ማቅረብ አለበት። የአንዱ ዘገባ የሌላውን አይተካም። ቀኖቹ የታወቁ ናቸው፦ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ኤፕሪል 30፣ ሁለተኛው ጁላይ 31፣ ሦስተኛው ኦክቶበር 31፣ አራተኛው ጃንዋሪ 31። በሦስቱ ወራት ምንም ሥራ ባይሠራ፣ አንድ ዶላርም ባይወጣ፣ ዘገባው ይገባል። የዘገየ ዘገባ በየቀኑ 10 ዶላር ያስከፍላል፤ ከዚያ አልፎ ጉዳዩ ኮሚሽኑ ጋር ከደረሰ ቅጣቱ በአንድ ጥሰት እስከ 5,000 ዶላር ነው።

በ635 ላይ ለሎቢ ድርጅቱ የተከፈለው ገንዘብ፣ ውትወታ የተደረገባቸው ረቂቅ ሕጎች ቁጥር፣ የተነጋገራችኋቸው መሥሪያ ቤቶች፣ ለባለሥልጣናት የወጣ ግብዣና ስጦታ፣ እንዲሁም 100 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ የምርጫ ዘመቻ መዋጮ ይጻፋል። ደረሰኞቹን 5 ዓመት ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ለኦዲት የሚመረጠው በዕጣ ሲሆን፣ ሎቢ ድርጅቶችና ሎቢስት የሚቀጥሩ አካላት ዕጣው የሚደርሳቸው ከአራት አንድ በሆነ ዕድል ነው። ስለዚህ «ማን ያየናል» ማለት አያዋጣም።

ኮንትራቱ ሲያልቅም ዝም ብሎ መለያየት የለም። ሥራው በቆመ በ20 ቀን ውስጥ የማቋረጫ ማስታወቂያው ፎርም 606 ካልገባ የሩብ ዓመቱ ዘገባ ግዴታ ይቀጥላል። ሎቢስቱን ካሰናበቱ በኋላ ቅጣት የሚመጣባቸው በዚህ ነው።

«ቤተ ክርስቲያንና በጎ አድራጎትን አይመለከትም»

ለሃይማኖት ተቋም የተሰጠው ነጻነት ጠባብ ነው፤ የሚሠራው የእምነቱን ሥርዓት የመፈጸም መብትን ለማስከበር ብቻ ሲቀርቡ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ለመኖሪያ ቤት ግንባታ የሚሆን በጀት ለማግኘት ሎቢስት ብትቀጥር እንደ ማንኛውም ቀጣሪ ዘገባ ታቀርባለች።

በፌዴራሉ የግብር ሕግ አንቀጽ 501(ሲ)(3) ከግብር ነጻ ሆኖ የተቋቋመ በጎ አድራጎትም «ሎቢ ማድረግ በፍጹም ክልክል ነው» ይባላል። ክልክሉ ለዕጩ መቀስቀስ ነው። በረቂቅ ሕግ ላይ መወትወት በልክ ይፈቀዳል፤ ልኩን በቁጥር ማወቅ የሚፈልግ ማኅበር ደግሞ ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት አይ.አር.ኤስ ፎርም 5768 ያስገባና በአንቀጽ 501(ኤች) ቀመር ይለካል። እስከ 500,000 ዶላር ላለው ዓመታዊ የዓላማ ወጪ (ማኅበሩ ለተቋቋመበት ዓላማ የሚያወጣው ገንዘብ) ገደቡ 20 በመቶ ነው። 300,000 ዶላር የሚያወጣ ማኅበር 60,000 ዶላር ለውትወታ ማዋል ይችላል፤ ከዚያ ውስጥ ሕዝቡ ለሕግ አውጪዎች እንዲደውል ለመቀስቀስ የሚውለው ከሩቡ፣ ማለትም ከ15,000 ዶላር አይበልጥም። ቤተ ክርስቲያናት ይህን ምርጫ መውሰድ አይችሉም። ለማኅበር ግን አንድ ገጽ ብቻ የሆነ ይህ ፎርም ብዙ ፍርሃት ይቀንሳል፤ ሳይሞሉት የሚቀሩት መብዛታቸው ያሳዝናል።

«ሎቢስት አልቀጠርንም፣ ስለዚህ የምንዘግበው የለም»

በመንግሥት ውሳኔ ላይ ተጽዕኖ ለማሳደር በራዲዮ ማስታወቂያ፣ በፖስታ ወይም በጽሑፍ መልእክት ዘመቻ በአንድ ሩብ ዓመት 5,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ያወጣ፣ ሎቢስት ባይኖረውም፣ ፎርም 645 ያቀርባል። ምዝገባ አያስፈልገውም፤ ዘገባ ግን ያስፈልገዋል።

«ምሳ መጋበዝ ባህላችን ነው፣ ማን ይቆጥረዋል?»

ሕጉ ይቆጥረዋል። ሎቢስት ወይም ሎቢ ድርጅት ለአንድ ባለሥልጣን በአንድ ወር ከ10 ዶላር በላይ መስጠት አይችልም፤ የምክር ቤቱ ሠራተኞችም በዚህ ይካተታሉ። በ1974 ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት የነበሩት ጄሪ ብራውን መጠኑን በሁለት ሃምበርገርና በአንድ ኮካ ገልጸውት ነበር፤ ዛሬም ያው 10 ዶላር ነው። እንግዳ ሳያበሉ መሸኘት ለእኛ ቢከብድም፣ ሎቢስቱ ባለበት አንድ ሰሃን በያይነቱ እንኳ ገደቡን ሊያልፍ ይችላል።

የማኅበሩ የራሱ ገደብ ሰፋ ይላል፤ ለ2025 እና 2026 ከአንድ ሰጪ በዓመት 630 ዶላር ነው። ነገር ግን ሎቢስቱ ራሱ ግብዣውን ካዘጋጀው ወይም በመካከል ሆኖ ካቀረበው፣ ገንዘቡ ከማኅበሩ ኪስ ቢወጣም የ10 ዶላሩ ገደብ ይመጣል። ግብዣ ካለ ሎቢስቱ በዝግጅቱ እጁን አያስገባ።

የዘመቻ መዋጮም እንዲሁ ነው። ሎቢስት ሊወተውተው ለተመዘገበበት ሥልጣን ለሚወዳደር ዕጩ መዋጮ መስጠት ተከልክሏል። በ2014 አንድ የሳክራሜንቶ ሎቢ ድርጅት በሎቢስቱ ቤት በተደረጉ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድግሶች ሳቢያ 133,500 ዶላር ተቀጥቷል፤ የምግቡና የመጠጡ ወጪ ራሱ የተከለከለ መዋጮ ሆኖ ተቆጠረ።

«ሕጉ ካለፈ ብቻ እንከፍልሃለን»

በውጤት ላይ የተመሠረተ ክፍያ ክልክል ነው። ወርኃዊ ክፍያ ወይም የሰዓት ሂሳብ ተዋዋሉ።

«በስቴቱ ከተመዘገብን የትም እንሠራለን»

የስቴቱ ምዝገባ ለሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት አይሠራም፤ ከተማዋ የራሷ የሥነ ምግባር ኮሚሽንና የራሷ ምዝገባ አላት። ኮንግረስን ማነጋገር በ1995 የፌዴራል ሕግ ይገዛል፤ በውጭ መንግሥት ጥያቄ ወይም መመሪያ የሚሠራ ደግሞ በ1938ቱ የውጭ ወኪሎች ምዝገባ ሕግ ለፍትሕ ሚኒስቴር ይመዘገባል። ስለ አገር ቤት ጉዳይ የሚወተውቱ ወገኖች በተለይ ይህን የመጨረሻውን ከስቴቱ ጋር ማምታታት የለባቸውም።

«መዝገቡን መንግሥት ብቻ ነው የሚያየው»

ካል-አክሰስ በተባለው የሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ድረ ገጽ ማንም በነጻ ያየዋል። የቀጣሪውን ስም ፈልጉ፣ የሁለት ዓመቱን የሥራ ዘመን ምረጡ፣ ከዚያ የየሩብ ዓመቱን 635 ክፈቱ። የረቂቅ ሕጉን ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ድርጅቱ ይደግፈው ወይስ ይቃወመው፣ የትኛውን ሕግ አውጪ አነጋገረ የሚለውን ግን ፎርሙ አይጠይቅም። ድምር ስትሠሩም በ625 «ተቀበልሁ» የተባለውና በ635 «ከፈልሁ» የተባለው ያው አንድ ገንዘብ ስለሆነ ሁለቱን አትደምሩ።