ስለ «ስትሮቤሪ ፊልድስ ፎርኤቨር» የሚባለውና እውነታው

የእንግሊዙ የሙዚቃ ቡድን ቢትልስ በፌብሩዋሪ 1967 ከ«ፔኒ ሌን» ጋር በአንድ ሸክላ ያወጡት «ስትሮቤሪ ፊልድስ ፎርኤቨር» የሳይኬደሊክ ፖፕ (ሕልም መሰል ድምፅ ያለው ሙዚቃ) ነገር ሲነሳ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ዝናው የገነነውን ያህል ወሬም በዝቶበታል፤ ከዚህ በታች በጥቅስ የተቀመጠው ወሬው ሲሆን እውነታው ይከተለዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«በርዕሱ የተጠራው ቦታ በአደንዛዥ ዕፅ የታየ ሕልም ነው»

ቦታው አድራሻ አለው። ሊቨርፑል፣ ዉልተን ሰፈር፣ ሳልቬሽን አርሚ የተባለው ክርስቲያናዊ ድርጅት ከ1936 ጀምሮ የሕፃናት ማሳደጊያ ያደረገው ግቢ ነው። የዘፈኑ ደራሲ፣ የቢትልሱ ጆን ሌነን ያደገበት የአክስቱ የሚሚ ቤት ከዚያ በእግር የሚደረስ ሲሆን፣ ልጅ ሳለ ግቢው ውስጥ ገብቶ ይጫወት ነበር። የግቢው ስም በነጠላ ቁጥር «ስትሮቤሪ ፊልድ» ነው፤ «ፊልድስ» ብሎ ብዙ ያደረገው ሌነን ነው። ማሳደጊያው በ2005 ተዘግቶ በ2019 ለጎብኚ ተከፈተ። ሌነን ኤልኤስዲ የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ ይወስድ እንደነበር ራሱም አልደበቀም፤ ዘፈኑን ግን በ1966 መጸው፣ አልሜሪያ ስፔን ውስጥ ፊልም ሲሠራ፣ ጊታሩን ይዞ ነው የጀመረው። በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ያለው የሌነን መታሰቢያም በ1985 ስሙን ከዘፈኑ ወሰደ እንጂ ለዘፈኑ ስም አልሰጠም።

«መግቢያው ላይ የሚሰማው ዋሽንት ነው»

ዋሽንት የነፋ ሰው በስቱዲዮው አልነበረም። ሌላው የቢትልስ አባል ፖል ማካርትኒ የተጫወተው ሜሎትሮን የሚባል ባለ ቁልፍ መሣሪያ ነው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አስቀድሞ ድምፅ የተቀዳበት ቁራጭ ቴፕ አለ፤ ቁልፉ ሲጫን ቴፑ ይሄዳል፣ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቴፑ 8 ሰከንድ ገደማ ሲሆነው ስለሚያልቅ አንድን ድምፅ ከዚያ በላይ መያዝ አይቻልም። ያ እንደመወላገድ የሚለው ዋሽንት ከዚህ የመጣ ነው።

«አንድ ወጥ ቅጂ ነው»

ይህኛውን ስሕተት ለማረም ጆሮ ይበቃል። ሥራው ለንደን፣ አቢ ሮድ ባለው የሸክላ ኩባንያቸው የኢኤምአይ ስቱዲዮ ኖቬምበር 24 ቀን 1966 ተጀመረ። በዚያው ወር መጨረሻ የተገኘው 7ኛው ቅጂ ለስለስ ያለ ነበር። ሌነን ግን ሌላ መልክ አማረው፤ በዲሴምበር እንደገና ተቀዳ፣ ፕሮዲዩሰሩ ጆርጅ ማርቲንም ለ4 ትራምፔትና ለ3 ቼሎ (ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቅ የቫዮሊን ዘመድ) ጻፈለት። 26ኛው ቅጂ ፈጠን፣ ጠንከርም ያለ ሆኖ ወጣ። ሌነን ሁለቱንም ወደደና የአንዱን መጀመሪያ ከሌላው መጨረሻ ጋር ግጠሙልኝ አለ።

ችግሩ ሁለቱ በፍጥነትም በቅኝትም አለመገናኘታቸው ነው። የካሴት ዘመን ሰው መፍትሔው አይጠፋውም። የቴፑ ድንጋይ ሲደክም ዘፈኑ ይዘገያል፣ የዘፋኙም ድምፅ ይጎረንናል፤ ፍጥነትና ቅኝት አብረው ይወርዳሉ ማለት ነው። ቅኝቱን በግማሽ ድምፅ ለማውረድ ቴፑን 5.6 በመቶ ያህል ማዘግየት ያስፈልጋል። ፈጣኑ 26ኛው ቅጂ በቅኝትም ከፍ ያለው እሱ ስለነበር፣ ሲዘገይ ሁለቱም ልዩነት በአንድ ጊዜ ጠበበ። ፈጣኑ ዝቅ ያለው ቢሆን ኖሮ አንዱ ሲቀርብ ሌላው ይርቅ ነበር፤ እዚህ ላይ ዕድልም ረድቷቸዋል። ዲሴምበር 22 ማርቲንና የድምፅ መሐንዲሱ ጄፍ ኤመሪክ ቆርጠው ቀጠሉት።

ቅጥሉን ለመስማት ሰዓት ይዛችሁ 60ኛው ሰከንድ ላይ፣ አዝማቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ጠብቁ። የሌነን ድምፅ ድንገት ይከብዳል፣ ቼሎዎቹም ይገባሉ። ከዚያ ወዲያ በየመሀሉ ሽው የሚለው ደግሞ ወደ ኋላ የተጫወተ የድራም ሲምባል ነው፤ የሚንቆረቆረው ክር የቡድኑ ጊታሪስት ጆርጅ ሃሪሰን የነካካው ስዋርማንዳል የተባለ የሕንድ መሣሪያ ነው። በጊታር ልከተል ያለ ሰው ጊታሬ ተበላሸ እንዳይል፤ ዘፈኑ ያረፈው በኤ እና በቢ ፍላት መካከል ስለሆነ በመደበኛ ቅኝት ቢሞክር አይገጥምለትም። ወይ ክሮቹን በጆሮ ማስተካከል፣ ወይ የማጫወቻውን ፍጥነት ጥቂት መለወጥ ነው።

«መጨረሻው ላይ ሌነን ‹አይ በሪድ ፖል› (ፖልን ቀበርኩት) ይላል»

በ1969 ማካርትኒ ሞቷል የሚለው ወሬ ሲናፈስ እንደ ማስረጃ ተቆጠረ። ሌነን ያለው «ክራንቤሪ ሶስ» ነው፤ አሜሪካኖች ለምስጋና ቀን ድግስ የሚሠሩት የፍሬ ስጎ። ይህ ክፍል የዘገየው ቴፕ ላይ ያለ በመሆኑ ቃሉ ጎርንኖና ተድበስብሶ ይሰማል። በ1996 በወጣው «አንቶሎጂ 2» በተባለው የቢትልስ ስብስብ አልበም ላይ ግልጽ ነው።

«አንደኛ ስላልወጣ ከስሮ ነበር»

እንግሊዝ ውስጥ ሬከርድ ሪቴይለር የተባለው መጽሔት በሚያወጣው የሸክላ ሽያጭ ሰንጠረዥ 2ኛ ላይ የቆመው የኤንግልበርት ሃምፐርዲንክ «ሪሊስ ሚ» አላሳልፍ ስላለው ነው። አሜሪካ ውስጥ የሸክላው ሁለት ገጾች ለየብቻ ተቆጥረው «ፔኒ ሌን» 1ኛ፣ ይህኛው 8ኛ ወጡ። 2ኛ መውጣት እንዴት ክስረት እንደሚባል ግራ ነው።

«‹ሳርጀንት ፔፐር› የተባለው የቢትልስ አልበም ዘፈን ነው»

የተቀዳው ለዚያ አልበም በተጀመረው ሥራ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ኩባንያው ነጠላ ሸክላ በቶሎ ስለፈለገ ተወሰደ፣ በነጠላ የወጣን ዘፈን አልበም ላይ መድገም ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ልማዳቸው አልነበረም። ማርቲን ኋላ በዚህ ተጸጽቷል። በአልበም የሚፈልገው ሰው በኖቬምበር 1967 አሜሪካ ውስጥ የወጣውን «ማጂካል ሚስትሪ ቱር» ይያዝ፤ ይህኛውም «ፔኒ ሌን»ም እዚያ አሉ።