ፈንክ ምንድን ነው? አውራ ጣቱን ለጊዜው ተዉት

ባለፈው ሳምንት አንድ የሙዚቃ ተንታኝ ስለ ፈንክ ሲያስረዳ አዳመጥኩ። «ፈንክ ማለት በአውራ ጣት እየተመታ የሚጮህ ባስ ጊታር ነው። ባሱን ስሙት!» አለ። ቀጠለና «ብራስ የበዛበት፣ ፈጠን ያለ፣ የሚያስጨፍር» ብሎ ጨመረበት። ብራስ የሚለው እንደ ጥሩምባ፣ ትሮምቦንና ሳክስፎን ያሉትን የትንፋሽ መሣሪያዎች ነው። ከዚያ ምሳሌ ብሎ አንድ የድሮ የአዲስ አበባ ዘፈን ለቀቀ። ዘፈኑ ውስጥ አውራ ጣትም የለም፣ ፍጥነትም የለም። እሱ ግን «አያችሁ!» አለ።

ምኑን ነው የምናየው?

ሥራዬ ድምፅ መቅረጽና ሚክስ ማድረግ ነው። ስቱዲዮ የሚመጣ ልጅ ሁሉ «ትንሽ ፈንክ ጨምርበት» ይለኛል፣ ልክ እንደ በርበሬ። ምን ማለቱ እንደሆነ ስጠይቀው ወይ ባሱ ይጩህ ነው፣ ወይ ጊታሩ ዋው ዋው ይበል ነው። እስካሁን ዝም ብያለሁ። ዛሬ ግን ይውጣልኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉን ቶሎ ልለፈው። «ፈንክ» ከእኛ «ፈነከተ» ጋር ዝምድና የለውም፤ ቢኖረው ደስ ባለኝ። በጥቁር አሜሪካውያን አፍ መጀመሪያ ጠረን ነው፤ የላብ፣ የታፈነ ቤት ሽታ። በ1950ዎቹ የጃዝ ሰዎች ያልተሽቀረቀረ፣ አፈር አፈር የሚል አጨዋወትን ለማሞገስ ተጠቀሙበት። ፒያኒስቱ ሆራስ ሲልቨር በ1953 አንዱን ሥራውን «ኦፐስ ደ ፈንክ» ብሎታል። ያ ግን ዛሬ ፈንክ የምንለው ሙዚቃ አይደለም። ቃሉ ቀደመ፣ ሙዚቃው ኋላ መጣ።

ሙዚቃው ከአንድ ባንድ መጣ ብል ብዙ አላጋነንኩም። ከጄምስ ብራውን ባንድ። የኒው ኦርሊንስ ሰዎች እዚህ ጋ ይቆጡኛል። እውነት አላቸው፣ እመለስበታለሁ።

ብራውን በ1956 «ፕሊዝ ፕሊዝ ፕሊዝ» እያለ የሚለማመጥ ዘፋኝ ነበር። ያ የሶል መንደር ነው። ሶል ከጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን ነው የወጣው፤ ጭብጨባው ሁለት ላይና አራት ላይ ይወድቃል። አራት ቆጠራ ምን እንደሆነ አላስረዳም፣ እግራችሁ ያውቀዋል። ዘፋኙ ይነግሣል፣ ኮርዱ፣ አብረው የሚሰሙት ድምፆች ጥምር፣ እየተቀያየረ ታሪኩን ይዞ ይሄዳል፣ ባንዱ ከኋላ ያጅባል።

በ1965 «ፓፓስ ጎት ኤ ብራንድ ኒው ባግ» ወጣ። ክብደቱ ከሁለትና ከአራት ተነሥቶ ወደ አንድ ዞረ። ብራውን ለሙዚቀኞቹ ዕድሜውን ሙሉ ሲደጋግምላቸው የኖረው ነገር ይኼው ነው። «ዘ ዋን» ይሉታል። የባሩ፣ ማለትም የአንዱ አራት ቆጠራ ዙር፣ የመጀመሪያ ምት። እኔ አንዷ እላታለሁ።

እዚህ ጋ ሙቀጫ ላምጣ። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ ያየ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል። አንደኛዋ ዘነዘናዋን ስታነሣ ሌላዋ ታወርዳለች። እኩል ካወረዱ ዘነዘና ከዘነዘና ይጋጫል፣ እህሉ ይረጫል፣ ሁለቱም ይቆማሉ። ማንሣቱም የሥራው ግማሽ ነው። አንደኛዋ የተወችው ክፍተት የሌላዋ ቦታ ነው።

አሁን ዘጠኝ አሥር ሰው በአንድ ሙቀጫ ዙሪያ አስቡ። ከበሮው፣ ባሱ፣ ጊታሮቹ፣ ሳክስፎኖቹ፣ ትሮምቦኑ። ሁሉም ተያይዘው የሚያርፉት አንዷ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የራሱ ጠባብ ቀዳዳ አለችው፤ እሷን ጠብቆ ይገባል፣ ወዲያው ይወጣል። ጊታሪስቱ ጂሚ ኖለን ክሮቹን በግራ እጁ አፍኖ በቀኙ ይቧጥጣቸዋል። አሜሪካኖቹ ራሳቸው የዚህን አጨዋወት ስም ከዶሮ ጭረት ነው የወሰዱት። ዜማ አይጫወትም፤ እጁ ላይ ያለው ጊታር የሚመስል ከበሮ ነው። ብራሶቹ አንድ ቃል ጣል አድርገው ዝም ይላሉ። ዘፋኙ «ሃህ!» ሲል እሱም አንድ ዘነዘና ነው። ፈንክ የምለው ይኼን የሥራ ክፍፍል ነው። መሣሪያው ሁሉ ከበሮ ይሆናል፣ ዝምታውም እንደ ምት ይቆጠራል።

ሙቀጫውስ ምንድን ነው? ኮርዱ ነው። በ1967 ሲንሲናቲ በሚገኘው የኪንግ ስቱዲዮ «ኮልድ ስዌት»ን ቀረጹ። ከብራውን ጋር የጻፈው ሳክስፎኒስቱ ፒ ዊ ኤሊስ የጃዝ ሰው ነው፤ የብራሱን ሐረግ መነሻ ያገኘው ከማይልስ ዴቪስ «ሶ ዋት» ነው። ዘፈኑ ከአንድ ኮርድ አይነቃነቅም ማለት ይቻላል። መሀል ላይ አንዴ ገፋ ያደርጉትና ይመልሱታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሙቀጫውን እየጎተተ የሚወቅጥ ሰው የለም።

የዚህን ዘፈን ከበሮ ለይታችሁ ስሙት። መቺው ክላይድ ስታብልፊልድ ነው። ያደገው ቴኔሲ፣ ቻታኑጋ፣ የፋብሪካና የባቡር ድምፅ እየሰማ ነው። ሁለት ላይ ስኔሩን፣ ያን ጠፍጣፋ ጯሂ ከበሮ፣ እንደ ወጉ ይመታል። አራት ላይ ትጠብቁታላችሁ፣ ይቀራል። ግማሽ ምት ዘግይቶ ይመጣል። ሰውነታችሁ ለዚያች ግማሽ ምት ያህል አየር ላይ ይንጠለጠላል። ጭፈራው የሚጀምረው እዚያ ነው። በትልልቆቹ ምቶች መሀል ደግሞ ስኔሩን በስሱ ይነካካዋል። ቤት ውስጥ የሚወቅጥ ሰው በመሀል የሙቀጫውን ከንፈር ኳ ኳ እንደሚያደርገው ማለት ነው።

ይኼው ሰው በኅዳር 1969 «ፋንኪ ድራመር» ላይ ለብቻው የመታት ቁራጭ ስምንት ባር ናት። ሃያ ሰከንድ ገደማ። በኋላ ሂፕ ሆፕ ሠሪዎች ቆርጠው ያልለጠፉባት ቦታ የለም። ፍጥነቷ በደቂቃ ወደ 100 ምት ነው፤ ጋለብ የሚል ነገር የለባትም። ስለዚህ «ፈጠን ያለ» የሚለው እዚህ ያበቃል። ስታብልፊልድ በድርሰቱ ላይ ስሙ ስላልነበረ ከዚያ ሁሉ ቅጂ የረባ ነገር ሳያገኝ በ2017 አረፈ። ከበሮ መቺን እንደ ደራሲ የማይቆጥር ሕግ ከበሮው ራሱ ዘፈን በሆነበት ሙዚቃ ላይ ሲሠራ ይኼው ነው ውጤቱ። ይኼን ነገር ስቱዲዮ ውስጥ በየሳምንቱ ስለማየው ነው ሳላስበው የገባው፣ ይቅርታ።

ባንዱ ውስጥ መኖር ቀላል አልነበረም። ብራውን ጫማው ያልተወለወለውን ይቀጣል፣ ቀዳዳውን የሳተውን ይቀጣል። መድረክ ላይ እየጨፈረ ጣቶቹን ዘርግቶ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ተመልካቹ ዳንስ ይመስለዋል። ሙዚቀኛው ስንት ዶላር እንደተቆረጠበት እየቆጠረ ነው።

በመጋቢት 1970 በቃን አሉ። ጆርጂያ፣ ኮለምበስ ላይ ትርዒት ሊጀመር ሲል ሳክስፎኒስቱን ማሴዮ ፓርከርን ጨምሮ አብዛኞቹ ስለ ክፍያቸው ጥያቄ አንሥተው አመፁ። ብራውን አልተለማመጠም። ጄቱን ወደ ሲንሲናቲ ልኮ ፔስሜከርስ የሚባሉ ወጣቶችን አስመጣ። ባስ የያዘው ቡትሲ ኮሊንስ ገና 18 ዓመቱ ነው። ጊታሩን የያዘው ታላቅ ወንድሙ ካትፊሽ ነው። ልጆቹ በዚያው ምሽት መድረክ ላይ ቆሙ። ባንዱ ጄቢስ ተባለ።

ቡትሲ ጣቱ የማያርፍ ልጅ ነበር። ባሱን እንደ ጊታር ያሯሩጠዋል። ራሱ ደጋግሞ እንዳወራው የብራውን ትምህርት ባጭሩ ይኼ ነው፦ አንዷን ስጠኝ፣ ከዚያ ወዲያ ያሻህን አድርግ። በሚያዝያ ናሽቪል ላይ «ሴክስ ማሽን»ን ቀረጹ። ተንታኙ «ብራስ የበዛበት» ብሎ የለ? እንግዲህ ይኼን ይስማው። ብራሶቹ መግቢያው ላይ ጥቂት ምት መትተው ይጠፋሉ። የቀረው ከበሮ፣ ባስ፣ ጊታር፣ ትንሽ ፒያኖና ሁለት የሚጠራሩ ድምፆች ናቸው። ከበሮውን የያዘው ሌላኛው መቺ ጃቦ ስታርክስ ነው። ብራሱ ጠፋ፣ ፈንኩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ኮሊንሶቹ ዓመት ሳይሞላቸው ሄዱ፤ በኋላ ከሌላው የፈንክ ባንድ መሪ ከጆርጅ ክሊንተን ጋር ገጠሙ። ትሮምቦኒስቱ ፍሬድ ዌስሊ ጄቢስን መራ። ማሴዮም ተመለሰ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሁለቱም ክሊንተን ጋ ነበሩ። አንዷም አብራቸው ሄደች።

አሁን ወደ አውራ ጣቱ። በአውራ ጣት መምታትን ያስለመደው ላሪ ግሬም ነው፣ የስላይ ኤንድ ዘ ፋሚሊ ስቶን ባሲስት። መነሻው ችግር ነው። ከእናቱ ጋር ካሊፎርኒያ ውስጥ በትንንሽ ቤቶች ሲሠራ ከበሮ መቺ አጡ። እናትየው ፒያኖውን ይዘው ይዘፍናሉ፣ እሱ ባስ ይይዛል። የጎደለውን ለመሙላት ወፍራሙን ክር በአውራ ጣቱ መታ፤ ያ በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ ሆነ። ቀጭኑን በሌላ ጣቱ ሳብ አድርጎ ለቀቀ፤ ያ ስኔሩ ሆነ። አጨዋወቱ በሰፊው የተሰማው በ1969 መጨረሻ በወጣ ዘፈናቸው ነው። «ኮልድ ስዌት» ያኔ ሁለት ዓመት አልፎታል። ፈንክ ማለት አውራ ጣት ከሆነ እንግዲህ «ኮልድ ስዌት» ምንድን ነው? ተንታኙ ይመልስልኝ።

በነገራችን ላይ አውራ ጣቱን አልጠላሁም። ግን ዛሬ ልጆቹ ከበሮው ባለበት፣ ፐርከሽኑ ባለበት፣ ሉፑም (እየተደጋገመ የሚሄደው ቅጂ) ባለበት ላይ አውራ ጣቱን ያለ ማቋረጥ ይደበድባሉ። ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል። ዘነዘና ከዘነዘና።

የኒው ኦርሊንስ ዕዳዬን ልክፈል። ከተማዋ በሰልፍ እየተጓዙ ከበሮ የሚመቱባት ናት። ያ የከበሮ አመታት ስልት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ብራውን ባንድ ውስጥ በአንድ ከበሮ መቺ እጅ ገብቷል። በ1969 ሚተርስ የሚባሉት አራት የከተማዋ ልጆች ያለ ዘፋኝ፣ ያለ ብራስ ያወጡት ፈንክ ከማንም አያንስም። የተገነባው ብራውን ጋ ነው፣ ጭቃው ከዚያ ነው ብንል እንታረቃለን።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ሶሉም ፈንኩም አዲስ አበባና አስመራ መድረሱ አያከራክርም። አስመራ የነበረው የአሜሪካኖቹ የቃኘው ጣቢያ የራሱ ሬዲዮ ነበረው። በ2021 ያረፈው ዓለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» ሲባል ዝም ብሎ አይደለም፤ ጩኸቱን ስሙ። ነገር ግን ዛሬ «ኢትዮ ፈንክ» የሚል ታርጋ ከሚለጠፍባቸው ዘፈኖች ብዙዎቹ ችክችካ ናቸው። ችክችካ ስድስት ስምንት ነው፣ ምቱ በሦስት ይከፈላል። የብራውን ምት በአራት ይከፈላል። ሙቀጫው ላይ ሦስተኛ ሴት ገባች ማለት ነው፤ የማንሣቱም የማውረዱም ተራ ይቀየራል። በዚያ ላይ የታፈነ ጊታር ብታስቀምጡበት ያምራል፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ስሙ ግን ችክችካ ነው። አሪፍ ስም ነው፣ ምን ጎደለው?

የሚያገናኛቸው ሌላ ነገር አለ፣ ማንም አያነሣውም። የእኛ ዜማ ድሮውንም በኮርድ አይሄድም። ትዝታውም ባቲውም በቅኝቱ ውስጥ ሆኖ በአንድ መቀመጫ ዙሪያ ነው የሚሽከረከረው። አንድ ኮርድ ላይ የሚቆም ሙዚቃ ለሙዚቀኞቻችን እንግዳ ያልሆነው ለዚህ ይመስለኛል። ምሳሌዬን ብዙ ወቀጥኩት መሰለኝ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ከማለታችሁ በፊት ልተወው።

ከሥራዬ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። አንደኛ፣ የድሮ ዘፈን ከካሴት ተገልብጦ ሲመጣ ፍጥነቱ ተዛብቶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ «ፈጣን ነው፣ ቀርፋፋ ነው» ብላችሁ አትፍረዱ። ኮምፒውተር ላይም አስተካክላለሁ ብላችሁ እያንዳንዱን ምት ኮምፒውተሩ እኩል በከፈለው መስመር ላይ አትጎትቱት። የስታብልፊልድን ከበሮ መስመር ላይ ብትጎትቱት የሚቀራችሁ የሰዓት ድምፅ ነው።

ሁለተኛ፣ የባስ ጊታር ወፍራም ክር ልቅ ሲመታ 41 ኸርዝ አካባቢ፣ በጣም ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። የስልክ ስፒከር ያን ድምፅ አያወጣም። የምትሰሙት የላይኛውን ጭረት ነው፤ የቀረውን ጆሯችሁ ገምቶ ይሞላዋል። ፈንክ ለመስማት ወይ ጥሩ ማዳመጫ፣ ወይ ደህና ስፒከር ያስፈልጋል።

ተንታኙ «ባሱን ስሙት!» ሲል ዘፈኑን የለቀቀው ስልኩን ማይኩ ላይ ደግኖ ነበር።