መኪናው ጉልበት ባጣ ቁጥር የቱርቦውን ክንድ አታሳጥሩ

«ባሕር ዳር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቷል፤ የቱርቦውን ክንድ ትንሽ አጥብቅለት፣ ጉልበቱ ይመለሳል።» ይህን የሚሉት ሹፌሮች ብቻ ቢሆኑ ባልተናደድኩ። መፍቻ ይዘው የሚውሉ የሙያ ጓደኞቼም ይሉታል፤ ብለውም አይቀሩ፣ ያደርጉታል። መኪናው እኔ ዘንድ የሚደርሰው ቱርቦው ከተበላ ወይም የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ከሄደ በኋላ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ቱርቦን የሚያዞረው ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ነው። ጭሱ ተርባይኑን ሲያሽከረክር በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሌላው ፋን አየር ጠቅጥቆ ወደ ሞተር ይልካል። ግፊቱ ከልክ እንዳያልፍ ዌስትጌት የሚባለው ትንሽ በር ይከፈትና ከፊሉ ጭስ ተርባይኑን ሳይነካ በጎን ወደ ማርሚታ (ጭስ ማውጫው) ያልፋል። በሩን የሚከፍተው ክንዱ ነው፤ ክንዱን የሚገፋው ደግሞ የቱርቦው ግፊት በቀጭን ቱቦ የሚደርሰው፣ ውስጡ ስፕሪንግ ያለበት አክቹዌተር ነው። ክንዱ ተጠብቆ ሲያጥር ስፕሪንጉ ቀድሞ ይወጠራል፣ በሩ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ግፊቱ ይጨምራል። እስከዚህ ድረስ አጥባቂዎቹም ልክ ናቸው።

የሚስቱት ስሌቱ ላይ ነው። ጣና 1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት 0.81 ባር አካባቢ ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ 1.01 ባር ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲመጣ ከሚተነፍሰው አየር አንድ አምስተኛውን ያጣል። ዌስትጌቱ በ1 ባር የሚከፈት ቱርቦስ? ስፕሪንጉ የቱርቦውን ግፊት የሚመዝነው ከውጭው አየር ጋር ስለሆነ፣ እዚህም የሚከፍተው ከውጭው አየር 1 ባር ሲበልጥ ነው። ስለዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ ወደ ሞተሩ የሚገባው ጠቅላላ ግፊት 2.01 ባር ሲሆን እዚህ 1.81 ይሆናል። የጎደለው አሥር በመቶ ብቻ ነው፤ መኪናው ዳገት አልወጣ እስኪል አያደርሰውም።

ቱርቦው ግን ለዚህችም ብዙ እየደከመ ነው። ጅቡቲ ላይ አየሩን ሁለት እጥፍ ይጠቀጥቅ የነበረው እዚህ 2.2 እጥፍ መጠቅጠቅ አለበት፤ ለዚያም ፈጥኖ ይዞራል። የጎደለውን 0.2 ባር በመፍቻ ልመልስ ስትል 2.5 እጥፍ ትጠይቀዋለህ። በዚያው እንደተጠበቀ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ደብረ ታቦር ሲወጣ ከ2.6 እጥፍ ያልፋል። ዘንጉና ተሸካሚዎቹ ለዚያ ፍጥነት ላይሠሩ ይችላሉ። ደግሞስ ናፍጣው ካልጨመረ ጉልበቱ ከየት ይመጣል? የድሮው የናፍጣ ፖምፓ ግፊቱን አይቶ ናፍጣ የሚጨምር ክፍል ቢኖረውም ከተወሰነለት በላይ አይሰጥም፤ ከዚያ ወዲያ የሚጨመረው ግፊት ትርፉ ሙቀትና ጫና ነው። ኮምፒውተር ያለው መኪና ላይ ደግሞ ከፍታው ይታወቃል። ቱርቦው ከልክ በላይ እንዳይዞር ኮምፒውተሩ ራሱ ግፊቱን ይቀንሳል። አንተ ክንዱን ስታሳጥር ፒ 0234፣ ማለትም «ግፊት ከልክ አለፈ» የሚለውን ኮድ ይመዘግብና ሞተሩን ያፍነዋል። ከዚያ ሹፌሩ «ባሰበት» ብሎ ይመለሳል።

አንድ ከወረታ ሩዝ እየጫነ ደብረ ታቦር የሚመላለስ የጭነት መኪና መጣልኝ። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ በሁለተኛ ማርሽ ይጎተታል። ሌላ ጋራዥ ክንዱን አሳጥረውለታል፤ የክንዱ ማጥበቂያ ዳዶ ከነበረበት ብዙ ጥርስ ገብቶ አዲሱ የብሎን ጥርስ ሲያበራ ይታያል። ክንዱን ወደ ቦታው መለስኩና ከኢንተርኩለሩ (የቱርቦውን ትኩስ አየር ከሚያቀዘቅዘው) ወደ ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው) የሚሄደውን ጎማ ቱቦ ከሥር በእጄ ዳሰስኩት። ከማሰሪያው አጠገብ ዘይትና አቧራ ተለውሶ ነበር። ሞተሩ ቆሞ ሲታይ ቱቦው ደህና ነው። የቱርቦውን መግቢያ ደፍኜ ከኮምፕረሰሩ በመቆጣጠሪያ 1 ባር አየር ስሰጠው ግን፣ የሳሙና ውሃ ባፈሰስኩበት ቦታ የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ እንደ ከንፈር ተከፍቶ አረፋውን ተፋው። አየሩ በዚያ ይወጣል፣ ናፍጣው ግን እንደሞላ ይገባል፤ ጥቁር ጭሱም ከዚያ ነው። ቱቦው ተቀየረ፣ መኪናው ወጣ። ክንዱን ማሳጠሩ ያተረፈው ነገር ቢኖር በስንጥቁ ብዙ አየር ማስወጣት ነው።

ወንድሞቼ፣ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ለኩ! ከማኒፎልዱ ቀጭን ቱቦ ላይ ቲ (ባለሦስት አፍ ማገናኛ) አስገብታችሁ የግፊት ጌጅ ወደ ጋቢና አውጡ፤ መኪናውን በሦስተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን እስከ ታች ረግጣችሁ ዳገት ላይ ንዱት። ግፊቱ አምራቹ ያለው ላይ ደርሶ ከቆመ ቱርቦውን ተዉት፤ የናፍጣ ፊልትሮውን፣ ፍሪሲዮኑን ተመልከቱ። ካልደረሰ መጀመሪያ ቱቦዎቹን፣ ከዚያ የታፈነ ማርሚታ፣ ከዚያ በሩ በደንብ መዘጋቱን እዩ። አክቹዌተሩን በትንሽ በትንሹ አየር እየሰጣችሁ ክንዱ በስንት ባር መንቀሳቀስ እንደሚጀምር አረጋግጡ።

ከዚህም የባሰው «ወደ አክቹዌተሩ የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ ነቅለህ ድፈናት» የሚለው ምክር ነው። ቱቦዋ ከተደፈነች በሩ ጨርሶ አይከፈትም፤ ግፊቱን የሚያቆመው የቱርቦው ወይም የሞተሩ መሰበር ብቻ ነው።

«ቡስት ኮንትሮለር (የቱርቦ ግፊት ማስተካከያ) አስገብቼ ግፊቱን ዝቅ አደርጋለሁ» ለሚሉ፦ ከስፕሪንጉ ልክ በታች ማውረድ አይችልም፤ ከፍ ማድረግ ብቻ ነው የሚችለው።

«ጌጁ ከፍ ካለ ጉልበትም ከፍ ይላል» የሚባለው ሁልጊዜ አይሠራም። ኢንተርኩለሩ በጭቃ ከተደፈነ አየሩ ትኩስ ሆኖ ይገባል፤ በዚያው ግፊት ውስጥ ያለው የአየር መጠን ያነሰ ነው። ኢንተርኩለሩን እጠቡ።

ማርሽ ሲቀየር «ጵስስ» የሚለው ቫልቭ ጉልበት አይጨምርም፤ የናፍጣ ሞተር ደግሞ በአብዛኛው አያስፈልገውም።

የአየር ፊልትሮ አውጥቶ መንዳት መኪናውን «እንዲተነፍስ» አያደርገውም። የጠጠር መንገድ አቧራ የፋኑን ጠርዝ እንደ ሞረድ ይበላዋል፣ ቀጥሎ የፒስተኑን ፋሻ።

በመጨረሻ አዳዲሶቹን የናፍጣ ፒካፖች ይዛችሁ ዌስትጌት የምትፈልጉ፣ ብዙዎቹ የላቸውም። ግፊቱን የሚቆጣጠሩት በተርባይኑ ዙሪያ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትናንሽ ክንፎች ናቸው። ከተማ ውስጥ ብቻ ቀስ እያለ የሚውል መኪና ላይ ጥቀርሻ ይይዛቸዋል፤ ዝግ ሆነው ከተጣበቁ ግፊት ይበዛል፣ ክፍት ሆነው ከተጣበቁ ያንሳል። የክንፎቹን እንቅስቃሴ የምትገድበውን ማቆሚያ ብሎን መነካካት አያላቅቃቸውም። ተፈትቶ ይጸዳል፤ ብሎኗ ፋብሪካው ባስቀመጠበት ትቆያለች።